ከእጅ የማይወጣው አምባር

ወርቅና የቢራ ጣሳ ቀለበት በብረት ፈላጊው ማሽን ጆሮ አንድ ናቸው። ሁለቱም ያንኑ ወፍራምና የታፈነ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ወርቅ የሚፈልግ ሰው ቆሻሻውን ሁሉ መቆፈር አለበት። ናዳሰን ይህን የተረዳ ቀን ማሽኑን ለሸጠለት ሰው ሊመልስለት ምንም አልቀረውም ነበር። በኋላ ግን ለመደው። ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ እርጥቡ አሸዋ ላይ ማሽኑን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ይሄዳል፤ ድምፅ ሲሰማ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳማው አካፋ ይዝቃል፤ አሸዋው ይፈስና አንድ ነገር አካፋው ላይ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው የጣሳ ቀለበት ነው። እሱንም መልሶ አይጥለውም፤ ነገ ደግሞ እንዳያታልለኝ እያለ ወገቡ ላይ ባሰረው ከረጢት ውስጥ ይከተዋል።

የደርባንን ባሕር ዳርቻ አዘውትሮ የሚረግጥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለ፣ ከቻትስዎርዝ፣ ከኛ ከሕንዶቹ ሰፈር፣ በጠዋቱ ታክሲ የሚመጣ ቀጭን ሽማግሌ ነው። በአዲስ ዓመት ሰሞን ከመሃል አገር የሚጎርፈው ሕዝብ ዘይት በተቀባ እጁ ውሃ ውስጥ ሲንቦራጨቅ ቀለበቱን ይጥላል። ሚስት ታለቅሳለች፤ ባል ‹ቤት አስቀምጪው ብዬሽ አልነበረም?› እያለ ይነዘንዛታል። ያን ጊዜ የመኪና ጠባቂው ዞንዲ ጣልቃ ይገባና ‹‹ቆይ፣ ሽማግሌውን ልጥራላችሁ›› ይላቸዋል። ናዳሰን ይመጣል፤ የት እንደቆሙ፣ ውሃው እስከ የት ደርሶ እንደነበር ይጠይቃል፤ ከዚያ ወዲያ አይናገርም። ካገኘው ይሰጣቸዋል። ‹‹አንተ ደግ ሰው ነህ›› ይሉታል፤ እሱም ራሱን ነቅንቆ ወደ አሸዋው ይመለሳል።

ያገኘውን ሁሉ ግን አያነሣም ነበር። ወንዙ ከባሕሩ በሚገናኝበት፣ የወንዙ አፍ በምንለው ቦታ፣ ጎሕ ሲቀድ ነጭና አረንጓዴ ካባ የለበሱ ጸሎተኞች እየመጡ ሳንቲም ወደ ማዕበሉ ይወረውራሉ። የኛም ሴቶች ኮኮናትና የሚታጠን ካምፎር የሚሰጡት እዚያው ነው። ባል የሞተባትም ሴት ባሏ በሠርጉ ዕለት አንገቷ ላይ ያሰረላትን የወርቅ ማተብ፣ ታሊዋን፣ ከአመዱ ጋር ለውሃው የምትሰጠው እዚያው ነው። ‹ለባሕር የተሰጠ የባሕር ነው› ትል ነበር የናዳሰን እናት። ‹አንሥቶ ወደ ቤቱ የወሰደ ሰው ለቅሶውንም አብሮ ይወስዳል።› እንዲህ ያለ ነገር አካፋው ላይ ሲቀር ናዳሰን እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ መልሶ ይወረውረዋል።

‹‹አንተ ሽማግሌ፣ ባሕሩ ደመወዝ ይከፍልሃል እንዴ?›› ይለዋል ዞንዲ። ‹‹ያገኘኸውን ሁሉ መልሰህ ስትሰጠው እኮ አያለሁ።››

‹‹አሠሪዬን አልሰርቅም›› ይላል ናዳሰን።

‹‹እኔማ ብሰርቀው ምን ያደርገኛል? ዋና እንደሆነ አልችልም፤ አያገኘኝም።››

ይህ እንግዲህ ከውጭ ሲታይ ነው። ናዳሰን ማሽን ያነገተው ለሰው ቀለበት ብሎ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ በጫማ ፋብሪካ ሶል ሲቆርጥ ኖሮ ፋብሪካው ሲዘጋ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ባሕርንም ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይወድም ነበር። ባሕር የሚወድ ልጁ ዴቨን ነበር። ዴቨን የተጋጨ መኪና ገላ ያቃናል፤ እሑድ ሲሆን ግን በዘንግም ሆነ በጀልባ ዓሣ ካላጠመደ ያመዋል። በአንድ የመስከረም እሑድ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በትንሽ ጀልባ በወንዙ አፍ ሊወጡ ሲሉ ማዕበል ገለበጣቸው። ሁለቱን ባሕሩ በሳምንቱ መለሳቸው። ዴቨንን ግን አልመለሰም።

የናዳሰን ሚስት ሎገስ ‹ያላየሁትን ሬሳ አላለቅስም› አለች። አንድያ ልጇ ነበር። ከወደቡ ውጭ ተራ ይዘው የሚቆሙትን መርከቦች እያየች፣ አንዱ አንሥቶት ይሆናል፣ ራሱን መትቶት ስሙን ረስቶ ይሆናል፣ ቋንቋው በማይገባው አገር በአንድ ሆስፒታል ተኝቶ ይሆናል ትል ጀመር። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባላል፤ በዚያ ቤት ግን አረፋውን የጨበጠችው እናትየዋ ነበረች። በቤቱ ማልቀስ ተከለከለ፤ ልቅሶ ሞትን ይጠራል ተባለ። የዴቨን ሚስት ኮጊላ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ ከተማ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሱቅ ሒሳብ ትቀበላለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ሎገስ በገዛ አውራ ጣቷ የባለትዳርነቱን ቀይ ነጥብ ግንባሯ ላይ ታደርግላታለች፤ በእርድ የተነከረው ቢጫ ክር አንገቷ ላይ መኖሩንም በዓይኗ ታረጋግጣለች። ከክሩ ጫፍ የሚንጠለጠለው ታሊ ከሸሚዟ ሥር ነው፤ እሱን ማንም አያይም። ኮጊላ ማልቀስ ሲያምራት መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ትከፍት እንደነበር ናዳሰን ያውቃል። ውሃው ለምን ያን ያህል እንደሚፈስ ጠይቋት አያውቅም።

ማሽን ግዛ ያለችው ሎገስ ናት። ዴቨን ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ቀኝ እጁ ላይ የብር አምባር ነበረው፤ እጁ ሲያድግ አምባሩ አላደገም፤ በሳሙናም በዘይትም ቢሉት ከመዳፉ አልፎ የማይወጣ ሆኖ ቀረ። አንድ ጊዜ ሥራ ቦታ በብረት ማሰሪያ ተይዞ ተጣመመና ናዳሰን ራሱ፣ የልጁን ክንድ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ በትንሽ መዶሻ መልሶ አቃናው። አንድ ጎኑ ላይ የመዶሻው ምልክት ቀረ። ‹‹የዴቨን አባት፣ ሂድና አሸዋውን ፈልግ›› አለችው ሎገስ። ‹‹አምባሩ ከእጁ አይወጣም። አምባሩ ከሌለ ልጄ አለ።››

እንዲህ ሆነና ናዳሰን በየቀኑ ወደ ወንዙ አፍ ይወርድ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ሎገስ በር ላይ ትጠብቀዋለች።

‹‹ዛሬስ?››

‹‹የለም።››

‹‹ተመስገን›› ትላለች፤ ፊቷም ይበራል፤ ለዴቨንም ሳህን ታቀርባለች።

በመጀመሪያው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ የሰርዲን ዓሣ በመንጋ ወደ ዳር በሚመጣበትና ሰው ሁሉ መረብና ባልዲ ይዞ ውሃው ላይ በሚራኮትበት ሰሞን፣ ናዳሰን አምባሩን አገኘው። ማሽኑ ቀጭንና ጥርት ያለ የብር ድምፅ አሰማው፤ የጸሎተኞቹ ሳንቲም መስሎት ነበር። አሸዋው ሲፈስ አምባሩ አካፋው ላይ ቀረ። ጠቁሮ ነበር፤ የመዶሻው ምልክት ግን እዚያው ነበር። ያልተቆረጠ፣ ያልተከፈተ፣ ሙሉ ክብ ነው። ከእጅ የማይወጣ አምባር እጅ ሳይኖር ብቻውን ሲገኝ ምን ማለት እንደሆነ ናዳሰን እርጥቡ አሸዋ ላይ ተንበርክኮ አሰበው፤ ዓሦቹንም አሰበ። 

ወደ ቤት ሊወስደው አስቦ ነበር። ግን ሎገስ መጀመሪያ የምትጠይቀው ‹ከእጁ እንዴት ወጣ?› ብላ ነው። ይህን ለእናት የሚመልስ አፍ ናዳሰን አልነበረውም። እጁ ውስጥ ጨብጦት ድንጋዮቹ ላይ ወጣ፤ ያለችውን ጉልበት ሁሉ አሰባስቦ ወደ ጥልቁ ወረወረው። ልጁን የቀበረው ያን ጊዜ ነው፤ ቀባሪውም ለቀስተኛውም እሱ ብቻ ነበር።

‹‹ዛሬስ?›› አለች ሎገስ በር ላይ።

‹‹የለም›› አላት።

‹‹ተመስገን።››

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ይህን ተረት የተናገረው ሰው የናዳሰንን ቤት አላየም እላለሁ። ናዳሰን ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው፤ ማሽኑን እያነገተ ወደ ወንዙ አፍ መሄዱን ግን አላቆመም፤ ቢያቆም ሎገስ ለምን ትላለች። የሌላውን ሰው ቀለበት መፈለግ የጀመረውም ያን ጊዜ ነው፤ ቀኑ ከማለቁ በፊት እጁ የሚሠራው ነገር ይፈልግ ነበር። ቀኑ እንዲህ እንዲህ እያለ ነጎደ። ማታ ማታ ‹የለም› ይላል፤ ሚስቱም ታመሰግናለች።

በሦስተኛው ጥር ማዕበል ተነሣ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰማዩና ባሕሩ አንድ ላይ ሲያገሱ ከረሙና ሲያባራ በመሃል ከተማው ዳርቻ፣ የኮንክሪቱ ድልድይ ወደ ባሕር በሚዘረጋበት አካባቢ፣ አሸዋው የሰው ቁመት ያህል ተገምሶ ተወስዶ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ማሽን ላለው ሰው ሠርግ ነው፤ የዓመታት ዕቃ የተኛበት ጥቁሩ ጠንካራ አሸዋ ይገለጣል። ዞንዲ ስልክ ደወለለት።

‹‹ሽማግሌው፣ ያንን የወንዝ አፍህን ዛሬ ተወውና ና። ባሕሩ ሆዱን ገልብጦ ነው ያሳየን።››

ናዳሰን ሄደ። ያረጀ ሳንቲም፣ የሰዓት ጀርባ፣ የዝገት ኳስ የሆነ ቁልፍ አወጣ። ከዚያ ያ ወፍራም የታፈነ ድምፅ መጣ። የጣሳ ቀለበት ነው ብሎ ዛቀ። የወጣው ወርቅ ነበር፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ታሊ ናት፤ ክሯ በስብሶ የለም።

ዞንዲ ከትከሻው በላይ አጎንብሶ አየ። ‹‹ይህ ከምትመልሰው ዓይነት አይደለም? ለባሕሩ የተሰጠ እንዳይሆን።››

‹‹ለመስጠት የሚመጣ ሰው ወንዙ አፍ ነው የሚሄደው›› አለ ናዳሰን። ‹‹እዚህ ዋናተኛ ነው ያለው። አንዷ ሙሽራ ውሃ ውስጥ ጠፍቶባት ነው። ይኸኔ አማቷ ፊት መቆሚያ አጥታ ይሆናል።››

‹‹ካልክ እንግዲህ›› አለ ዞንዲ። ‹‹እኔ ስለ እናንተ ወርቅ ምን አውቄ።››

ናዳሰን ደስ አለው። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ቀለበት የጠፋበት ሰው ሌላ ይገዛል፤ ታሊ የጠፋባት ሴት ግን ምን ገዝታ ትተካዋለች? ‹ታሊዋን የጣለች ሴት የባሏን ዕድሜ ጣለች› እየተባለች ስትብሰለሰል ትኖራለች። ሎገስ ዓርብ መቅደስ ስትሄድ ለሴቶቹ ብትናገር ባለቤቷ በሳምንት ውስጥ ትገኛለች ብሎ አሰበ። በመሐረብ ጠቀለላትና የደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት፤ ታክሲው ውስጥም ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ እያደረገ መኖሯን አረጋገጠ።

ቤት ሲደርስ ሎገስ የባቄላ ወጥ እየሠራች ነበር፤ ኮጊላ በዕረፍት ቀኗ ጠረጴዛው ላይ የቂጣ ሊጥ ትዳምጣለች።

‹‹ዛሬስ?›› አለች ሎገስ።

‹‹የለም። ግን ሌላ ነገር አለ፤ ነይ እዪ›› ብሎ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ‹‹የአንዷ ምስኪን ነው። የኮንክሪቱ ድልድይ ጋ አገኘሁት። ዓርብ ለሴቶቹ ንገሪልኝ።››

የኮጊላ መዳመጫ ቆመ። ናዳሰን ይህን በኋላ ነው ያስታወሰው። ሎገስ ታሊውን አንሥታ በሳሪዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ገልብጣም ጀርባውን አየች። አንድ ቀጭን የመሮ ጭረት ነበረበት።

‹‹ከእናቴ ጉትቻ ነው ያሠራሁት›› አለች ቀስ ብላ። ‹‹አንጥረኛውን ይህን ጭረት አጥፋልኝ ብዬው ነበር። ሠርጉ ደርሶ ስለነበር ተቻኩሎ ተወው።››

ናዳሰን አሁንም አልገባውም። ሰው ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብሎ ሲደሰት ጆሮው ይደነቁራል። ‹‹የእናትሽ ጉትቻ ምን አገናኘው?›› አላት።

‹‹ኮጊላ፣ ነይ ወዲህ።››

ኮጊላ መጣች። ሎገስ ቢጫውን ክር ከሸሚዟ ሥር ስትስበው ከጫፉ የቁም ሣጥን ቁልፍ ወጣ። ትንሽ፣ ቢጫ፣ ክሩን በክብደቱ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ቁልፍ ነበር። ሦስቱም ቁልፉን ሲያዩት ወጡ ማረር ጀመረ፤ ማንም አላወረደውም።

‹‹መቼ ነው?›› አለች ሎገስ።

‹‹አምና። ሰርዲኑ የመጣ ጊዜ። በምሳ ሰዓቴ ወጥቼ…››

‹‹ለምን ድልድዩ ጋ?››

‹‹ወንዙ አፍ አባባ አሉ። እንዳያዩኝ ብዬ ነው።››

‹‹ለምን እንዲህ አደረግሽ?››

ኮጊላ መሬት መሬት አየች። ‹‹እማማ፣ ማልቀስ ፈልጌ ነው›› አለች። ‹‹አንድ ቀን ብቻ። እሱን ሰጥቼ፣ ድልድዩ ላይ አልቅሼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።››

ሎገስ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያልወጣው እንባ ያን ጊዜ መውረድ ጀመረ፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። ናዳሰን ለአንድ አፍታ ‹አበቃ፣ አሁን ሁላችንም እናለቅሳለን› ብሎ ልቡ ቀለል አለው። እሷ ግን ጣቷን አንሥታ ወደ ኮጊላ ዘረጋች።

‹‹እስከዚያ ቀን ድረስ ልጄ ነበረ›› አለች። ‹‹የትም ይሁን የት፣ በሕይወት ነበረ። የባልሽን ዕድሜ ከአንገትሽ ፈትተሽ ውሃ ውስጥ የጣልሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ነሽ የገደልሽው።››

‹‹ሎገስ፣ ተይ›› አለ ናዳሰን።

‹‹ምኑን ነው የምተወው? አንተ አይደለህም ማታ ማታ ‹የለም› የምትለኝ? ያን ሁሉ ጊዜ አምባሩ ባሕሩ ውስጥ አልነበረም፤ ልጄም ባሕሩ ውስጥ አልነበረም። አንተው ምስክር ነህ።››

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ናዳሰን የማያውቃትን ሙሽራ ሊያስታርቅ ብሎ የገዛ ምራቱን አሳልፎ ሰጠ፤ የገዛ ‹የለም›ም ተመልሶ እሷኑ ከሰሳት። ወደ ሎገስ ቀረብ አለ።

‹‹አምባሩን አግኝቼዋለሁ›› አለ። ‹‹ድሮ ነው ያገኘሁት። እሷ ታሊውን ከመስጠቷ አንድ ዓመት በፊት። ዴቨን የሞተው ያኔውኑ፣ ጀልባው የተገለበጠ ቀን ነው።››

ሎገስ ቀና ብላ አየችው። ‹‹የታለ?››

‹‹ወደ ባሕሩ መለስኩት።››

‹‹መለስከው።››

‹‹አንቺ እንዳታዪው ብዬ።››

‹‹ከእጁ አይወጣም ነበር›› አለች ሎገስ። ‹‹እንዴት ወጣ?››

ናዳሰን አፉን ከፈተ። ኮጊላም ታየው ነበር። የሁለቱም ዓይን ፊቱ ላይ ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ዓሦቹ ትዝ አሉትና ተመለሰ።

‹‹አየህ›› አለች ሎገስ። ‹‹እሷን ለማዳን ብለህ በልጅህ ትዋሻለህ።››

ከዚያ ሎገስ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ያንኑ ጠዋት በገዛ ጣቷ ያደረገችውን ቀይ ነጥብ ከኮጊላ ግንባር ጠረገችው። ነጥቡ ለቅቆ ቆዳው እስኪቀላ ድረስ መፈግፈጓን አላቆመችም። ኮጊላ ሳትሸሽ ቆማ ነበር፤ እጆቿ ሊጥ እንደሆኑ ናቸው።

ለቅሶው ተደረገ። ሎገስ የሞቱን ቀን ኮጊላ ታሊውን ከሰጠችበት ቀን አስቆጠረች፤ ካህኑም እናት ያለችው ይሁን ብሎ ቆጠረላት፤ ከእናት ጋር ማን ይከራከራል። ታሊው የአበባ ጉንጉን በተደረገለት የዴቨን ፎቶግራፍ ላይ ተሰቀለ። ጎረቤት ሁሉ መጣ፤ በሙዝ ቅጠል የቀረበለትን በላ፤ እየበላም አንሾካሾከ። ሰፈራችን አፍ አያጣም፤ ሳምንት ሳይሞላ ኮጊላን ‹ባሏን በቁሙ የቀበረች› የሚል ስም አወጣላት። ሰዎቹ እውነቱን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ዴቨን መቼ እንደሞተ መንገዱ ሁሉ ያውቃል። ግን እናት ደረቷን እየመታች ስትናገር ፊት ለፊት ‹ተሳስተሻል› የሚል ሰው አልተገኘም፤ ከአፍ የወጣ ደግሞ አፋፍ ነው፤ ማን መልሶ ይይዘዋል? የኮጊላ ወንድም ከቶንጋት መኪና ይዞ መጥቶ ወሰዳት። ሁለት ሻንጣና አንድ የልብስ ስፌት መኪና ነበራት። ሎገስ ከክፍሏ አልወጣችም።

ናዳሰን ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚስቱ ሊነግራት ሞከረ። ‹‹እሺ፣ አምጣውና አሳየኝ›› ትለዋለች። ሌላ መልስ የላትም።

እነሆ ሊያመጣው ሄደ። ያን ሁሉ ጊዜ ለይስሙላ የረገጠውን የወንዙን አፍ አሁን የእውነቱን ይፈልገው ጀመር። ከወረወረበት ድንጋይ ጀምሮ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየገባ ይዝቃል። የጸሎተኞቹን ሳንቲም ያወጣል፣ የመበለቶቹን ታሊ ያወጣል፤ መልሶ እስኪወረውራቸው እንኳ ትዕግሥት አጥቶ እዚያው አጠገቡ ይጥላቸዋል። የሰው ቀለበት ፍለጋ ሲጠሩት አልሄድም አለ። ዞንዲ አንድ ቀን ጫማውን አውልቆ ወደ ውሃው ዳር መጣ።

‹‹ሽማግሌው፣ ሰው እያለቀሰ እየፈለገህ ነው። እዚህ ምን ጠፋብህ?››

‹‹የጣልኩት ነገር አለ።››

‹‹ምን ጣልክ?››

‹‹ለባሕሩ ሰጥቼው ነበር፤ አሁን እንዲመልስልኝ ነው የምፈልገው።››

ዞንዲ ለማንኛውም ነገር ቀልድ አያጣም። ያን ቀን ግን ባርኔጣውን አውልቆ ትንሽ ቆመና ወደ መኪኖቹ ተመለሰ።

ብርዱ ገብቶ ሰርዲኑ ሊመጣ ሲል፣ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ኮጊላ ወደ ወንዙ አፍ መጣች። ነጭ ለብሳለች፤ ግንባሯ ባዶ ነው፤ ከስታለች። ናዳሰን ከውሃው ወጥቶ ማሽኑን አስቀመጠ። ‹‹በልተሻል?›› አላት።

‹‹በልቻለሁ አባባ።›› ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ‹‹እማማ እንዴት ናቸው?››

‹‹አለች።››

 ከአድማሱ ላይ መርከቦቹ እንደ ወትሮው ተራ ይዘው ቆመዋል።

‹‹አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት›› አለች ኮጊላ። ‹‹የእውነት አገኙት?››

‹‹አግኝቼዋለሁ፣ ልጄ።››

‹‹እኔን ለማትረፍ ብለው ከሆነም አልቀየምዎትም። ብቻ እውነቱን ይንገሩኝ። እንቅልፍ የለኝም። አንዳንዴ እማማ እውነታቸውን ይሆን እላለሁ። የሆነ ቦታ ነበር፣ ሊመጣ ነበር፣ እኔ ያን ቀን ፈትቼ ጣልኩት እላለሁ። እንዲህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ብነቃም ብተኛም ግን እሱኑ ነው የማስበው።››

‹‹መዶሻዬ ያረፈበት ምልክት ነበረው›› አለ ናዳሰን። ‹‹በዚህ እጄ ነው የያዝኩት። ጠቁሮ ነበር። ሙሉ ነበር፣ አልተሰበረም።››

‹‹ታዲያ ከእጁ እንዴት ወጣ?››

ይህን ጊዜ ነገራት። ለሚስቱ ያልነገራትን፣ ለራሱም በቃል ብሎት የማያውቀውን፣ ስለ ውሃውና ስለ ዓሦቹ፣ ሰው ዘጠኝ ወር ባሕር ውስጥ ሲከርም እጁ ምን እንደሚሆን፣ አምባር ከምን ላይ እንደሚወልቅ፣ ዓይኑን አሸዋው ላይ ተክሎ ሁሉንም ነገራት። ሲጨርስ ቀና አለ። ኮጊላ አላለቀሰችም። ሰው ሲያሳዝናት እንደምታየው ዓይነት አስተያየት ታየው ነበር።

‹‹አባባ›› አለች ቀስ ብላ፣ ‹‹እርስዎ ደግ ሰው ነዎት።››

ቀለበት የመለሰላቸው ሰዎች ሁሉ ይህንኑ ነበር የሚሉት። ናዳሰን አሁን ከእሷ አፍ ሲሰማው ምን ማለት እንደሆነ ገባው። ለእሷ ብሎ፣ እንድትተኛ ብሎ፣ ይህን ሁሉ አስቀያሚ ነገር ከልቡ ፈልስፎ የነገራት መስሏት ነበር። እውነቱን በሙሉ ነገራትና አላመነችውም። ከዚህ በላይ የሚነግራት ነገር የለውም።

ተነሥቶ ማሽኑን አነገተና ወደ ውሃው ገባ። ኮጊላም ወደ ቤቷ አልሄደችም። ነጭ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ከኋላው ገባች። እሱ በዛቀ ቁጥር አጠገቡ ቆማ አሸዋው ፈስሶ እስኪያልቅ ድረስ አካፋውን ታያለች። ሳንቲም ይወጣል፣ የጣሳ ቀለበት ይወጣል። ባሕሩ ተመልሶ እስኪሞላ ድረስ እንዲሁ አብረው ሲዝቁ ዋሉ።